የሰመሩ የ7 ለ 7 ዋንጫ ስለ ፉትቦል ሲዝኑ ምን ያህል ይናገራል?

ጁን ሲያልቅ የቴክሳስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች ወደ ኮሌጅ ስቴሽን ከተማ ይጓዛሉ። የክፍለ ግዛቱ የ7 ለ 7 ሻምፒዮና (በየቡድኑ 7 ልጆች ብቻ ተሰልፈው በውርወራ ብቻ የሚጫወቱበት) እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ በየአካባቢው የሚደረጉ የማጣሪያ ውድድሮችን ማለፍ ያስፈልጋል። ዋንጫው በተነሳ ማግስት በየከተማው አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ በሰመር እንዲህ የደመቀው ቡድን ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ በሚደረገው ዋናው ሲዝን ላይስ? በዳላስና በሂዩስተን ዙሪያ ልጆቻቸው ፉትቦል የጀመሩ የኛ ወላጆችም ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደሉም። ልጁ ሰመሩን የት ያሳልፍ፣ ገንዘብና ጉልበትስ በምን ላይ ይውጣ የሚለው ውሳኔ ከመልሱ ጋር የተያያዘ ነው።

በሰመር የሚያሸንፉት ቡድኖች አብዛኞቹ በሲዝኑም ጠንካሮች ናቸው። ግን እነዚሁ ቡድኖች አምናም ጠንካሮች ነበሩ። ብዙ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት፣ የረጋ የአሰልጣኞች ስብስብ፣ ፈጣን ልጆችና ጥሩ የክብደት ማንሻ ክፍል ያለው ፕሮግራም በጁንም ያሸንፋል፣ በኖቬምበርም ያሸንፋል። ስለዚህ ጥያቄውን ጠበብ ማድረግ ያስፈልጋል። የአምናውን ውጤትና ዘንድሮ የተመለሱትን ተጫዋቾች ካወቅን በኋላ፣ የሰመሩ ውድድር ሌላ ምን ይጨምርልናል? የኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ስለ ኳስ ውርወራውና ስለ ቅብብሉ ጠቃሚ ነገር ይነግረናል፤ ስለ ቡድኑ አጠቃላይ ጥንካሬ ግን የሚጨምርልን እጅግ ትንሽ ነው።

ሜዳ ላይ የሌሉት ልጆች

በ7 ለ 7 የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ የለም፤ አንዳንድ ውድድሮች ለስላሳ የራስ መሸፈኛ ቢያስገድዱም ጨዋታው በቁምጣና በካናቴራ ነው። ሜዳው ከ40 እስከ 45 ያርድ ሲሆን መጨረሻው ላይ ነጥብ የሚቆጠርበት 10 ያርድ የኢንድ ዞን አለ። ኳስ ይዞ ከመነሻው መሮጥ አይፈቀድም፤ ሁሉም ፕሌይ (ኳስ ተነስታ እስክትቆም ያለው አንድ ሙከራ) ውርወራ ነው። ኳስ የያዘውን ልጅ ማስቆም በእጅ በመንካት ነው። ኳርተርባኩን (ኳስ ወርዋሪውን) ለመጣል የሚሮጥበት ተከላካይ የለም፤ በምትኩ ሰዓት ይያዝበታል፣ በብዙ ውድድሮች 4 ሰከንድ ገደማ። ጨዋታው የማይቆም ሰዓት እየተቆጠረ ብዙውን ጊዜ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በብዙ ቦታ ተከላካዩ ኳስ ከጠለፈ ነጥብ ይሰጠዋል።

አሁን የሌለውን እንቁጠር። በእውነተኛው ፉትቦል በሁለቱም በኩል ያሉት ቋሚ ተሰላፊዎች 22 ናቸው። ከነዚህ መካከል 5ቱ ከፊት ተሰልፈው የሚጋፉ የማጥቃት መስመር ተጫዋቾች፣ 3 ወይም 4ቱ ደግሞ የመከላከል መስመር ተጫዋቾች ናቸው። በ7 ለ 7 ከነዚህ ልጆች ሥራ ውስጥ የሚታይ ነገር ካለ ሴንተሩ (የመስመሩ መሐል ተጫዋች) ኳሷን ማስነሳቱ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ከቡድኑ ሲሶ በላይ የሆነው፣ ጨዋታው የሚጀመርበትም የሚወሰንበትም ክፍል ከፈተናው ውጭ ነው። የሩጫ ጨዋታ የለም። ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል፣ የለም። ከእግር ምት ጋር የተያያዙት ፓንት፣ ፊልድ ጎልና የኪክኦፍ ምላሽ የሉም። ኳስ ከእጅ አምልጦ መሬት ላይ የሚደረገው ግብግብም የለም።

የጎደለው የመስመሩ ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቀረውን ክፍል በልበ ሙሉነት በፈረድን ነበር። ነገር ግን የመስመሩ አለመኖር የቀረውንም ይለውጠዋል። በሲዝኑ ላይንባከር (ከመከላከል መስመሩ ጀርባ የሚቆም ተከላካይ) ኳስ ሲነሳ መጀመሪያ «ሩጫ ነው ወይስ ውርወራ?» ብሎ ማንበብ አለበት፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ከተሳበ ከጀርባው ክፍተት ይፈጠራል። በሰመር ሩጫ እንደሌለ ስለሚያውቅ ኳሷ ስትነሳ በቀጥታ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ስለዚህ በጁን መሐሉን ጥርቅም አድርጎ የዘጋ መከላከያ በሴፕቴምበር እዚያው ቦታ ሲበረገድ ብናይ ሊደንቀን አይገባም። በማጥቃቱ በኩልም እንዲሁ ነው። በመሐል ሜዳ እጁን ዘርግቶ ኳስ የሚቀበል ልጅ ጎድኑን የሚመታው ሴፍቲ (የመጨረሻው ተከላካይ) እንደሌለ ካወቀ አይፈራም። ከተያዘ በኋላ ሁለት ሰው እየጎተተ 6 ያርድ የሚጨምር ጠንካራ ልጅ ደግሞ በመንካት ብቻ ስለሚቆም፣ ያ ትልቁ ችሎታው በሰመር ዋጋ የለውም።

የኳርተርባኩ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ፊት ለፊቱ እጁን የሚያነሳ፣ ከጎኑ የሚመጣበት፣ እግሩ ሥር የሚወድቅ ሰው የለም። 4 ሰከንድ ቆሞ ሜዳውን ይቃኛል። በሲዝኑ ግን መካከለኛ መስመር ያለው ቡድን ኳርተርባክ 3 ሰከንድ ሳይሞላው ኳሷን ካልለቀቀ አደጋ ላይ ነው። በሰመር «ትንሽ ልጠብቅ፣ ይከፈታል» የሚለውን ልማድ ያዳበረ ልጅ በኦክቶበር በዚያው ልማድ ምክንያት ይወድቃል። ይህ የ7 ለ 7 ትልቁ ጉዳት ነው ብለን እናምናለን፤ አሰልጣኝ ሰዓቱን በራሱ ፈቃድ ወደ 3 ሰከንድ ካላሳጠረው በቀር ልማዱ በራሱ አይጠፋም።

ሁለት ውጤቶች

የቴክሳስ ፉትቦል ታሪክ ውስጥ ለዚህ ክርክር የሚጠቅም አንድ ፍልሚያ አለ። በዳላስ አካባቢ የሚገኘው ሳውዝሌክ ካሮል በአሰልጣኝ ቶድ ዶጅ ዘመን ሜዳውን ዘርግቶ ኳስ በመወርወር የሚጫወት፣ ብዙዎች ሊቀዱት የሞከሩት ቡድን ነበር። ከ2002 እስከ 2006 በነበሩት 5 ሲዝኖች 79 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው 1 ብቻ ነው፤ 4 የክፍለ ግዛት ዋንጫም ወስዷል። ያቺ አንዲት ሽንፈት የ2003 ፍጻሜ ላይ ናት፣ 16 ለ 15። ያሸነፈው ከሂዩስተን ምዕራብ የሚገኘው ኬቲ ነበር፤ በማጥቃት መስመሩ፣ በሩጫውና በመከላከያው የሚታወቅ ትምህርት ቤት።

ወደ ካሊፎርኒያ ብንሄድ ደግሞ የኮንኮርዱ ደ ላ ሳል ከ1992 ጀምሮ 151 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው በቪር ስልት ነው፤ ኳርተርባኩ የተከላካዩን እርምጃ አይቶ ኳሷን ለሯጩ የሚሰጥበት ወይም ራሱ ይዞ የሚሮጥበት የሩጫ ጨዋታ። ያ ሰንሰለት በሴፕቴምበር 2004 ሲያትል ላይ ሲበጠስ የበጠሰው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛቱ ቤልቪው ነበር፤ 39 ለ 20። ቤልቪውም ዊንግ-ቲ የሚባለውን የቆየ የሩጫ ስልት የሚጫወት ቡድን ነበር። የሁለቱ ቡድኖች ዋና ጥንካሬ 7 ለ 7 በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ቦታ የለውም።

እነዚህ ሁለት ውጤቶች ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም፤ የሳውዝሌክ 79 ድል ራሱ ውርወራ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ያሳያል። የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው፦ በሰመሩ ሰንጠረዥ ላይ ከቶም የማይመዘኑ ጥንካሬዎች ዋንጫ ያስወስዳሉ፣ እነዚያን ጥንካሬዎች ደግሞ ሰመር ላይ ማየት አይቻልም።

በራስዎ ዲስትሪክት እንዴት ይፈተሻል?

ይህን ጉዳይ በወሬ ከመከራከር ወረቀትና ካልኩሌተር ይዞ መፈተሽ ይሻላል። የሚያስፈልጉት 3 ቁጥሮች ናቸው፦ የእያንዳንዱ ቡድን የአምና ደረጃ፣ የሰመሩ 7 ለ 7 ደረጃ፣ የዘንድሮ የመጨረሻ ደረጃ። አሠራሩን ለማሳየት ያህል ብቻ 8 ቡድን ያለው ዲስትሪክት (እርስ በርስ የሚጫወቱ ትምህርት ቤቶች ምድብ) በምናባችን እንሥራ፤ ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው።

ቡድን ሀ፦ አምና 2ኛ፣ ሰመር 1ኛ፣ ዘንድሮ 3ኛ
ቡድን ለ፦ አምና 1ኛ፣ ሰመር 2ኛ፣ ዘንድሮ 1ኛ
ቡድን መ፦ አምና 3ኛ፣ ሰመር 3ኛ፣ ዘንድሮ 2ኛ
ቡድን ረ፦ አምና 5ኛ፣ ሰመር 4ኛ፣ ዘንድሮ 6ኛ
ቡድን ሰ፦ አምና 4ኛ፣ ሰመር 5ኛ፣ ዘንድሮ 4ኛ
ቡድን ቀ፦ አምና 8ኛ፣ ሰመር 6ኛ፣ ዘንድሮ 8ኛ
ቡድን በ፦ አምና 6ኛ፣ ሰመር 7ኛ፣ ዘንድሮ 5ኛ
ቡድን ተ፦ አምና 7ኛ፣ ሰመር 8ኛ፣ ዘንድሮ 7ኛ

መጀመሪያ የሰመሩንና የዘንድሮውን ደረጃ ልዩነት ለእያንዳንዱ ቡድን ያውጡ፣ ልዩነቱን በራሱ ያባዙ፣ ሁሉንም ይደምሩ። 20 ይመጣል። ድምሩን በ6 አባዝተው ለ504 ያካፍሉ (504 የሚመጣው 8 ሲባዛ በ63 ነው፤ 63 ደግሞ 8 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት ነው)። የተገኘውን ከ1 ይቀንሱ። 0.76 ያገኛሉ። 1 ማለት ፍጹም መገጣጠም፣ 0 ማለት ምንም ግንኙነት የለም ማለት ስለሆነ 0.76 ከፍተኛ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «አያችሁ፣ ሰመሩ ይተነብያል» ይላል።

ያንኑ ስሌት በአምናውና በዘንድሮው ደረጃ መካከል ይድገሙት። ድምሩ 4 ብቻ ነው፤ ውጤቱም 0.95። ማለትም ሰመሩን ጭራሽ ያላየ፣ የአምናውን ሰንጠረዥ ብቻ የያዘ ሰው የተሻለ ይገምታል። ወሳኙ ደረጃ ደግሞ ሦስተኛው ነው፦ ሰመርና አምና የማይስማሙባቸውን ቡድኖች ብቻ ለይቶ ማየት። በምሳሌያችን ሀ፣ ረ እና ቀ በሰመር ከአምናቸው ከፍ ብለዋል። በሲዝኑ ሀ እና ረ ከአምናቸውም ዝቅ ሲሉ ቀ እዚያው 8ኛ ቀርቷል። ሰመሩ አዲስ ነገር ሊነግረን የሞከረው በነሱ ላይ ነበር፣ የተናገረውም አልሆነም። የእርስዎ ዲስትሪክት ከዚህ የተለየ ሊያሳይ ይችላል፤ ግን ፍርዱ መሰጠት ያለበት በነዚህ የማይስማሙ ቡድኖች ላይ ነው።

ስሌቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። የአንድ ዓመት 8 ቡድን አይበቃም፤ ቢያንስ የ5 ዓመት፣ 40 መስመር ያህል ይሰብስቡ። በቴክሳስ ዩ.አይ.ኤል. የሚባለው የትምህርት ቤቶች ውድድር አስተዳዳሪ ዲስትሪክቶችን በየ2 ዓመቱ ስለሚያዋቅር አምና የነበሩ ተጋጣሚዎች ዘንድሮ ላይኖሩ ይችላሉ፤ እንዲህ ሲሆን ከዲስትሪክት ደረጃ ይልቅ ያሸነፉትን ጨዋታ በመቶኛ መጠቀም ይሻላል። የክለብ 7 ለ 7 ቡድኖችን ውጤት ከትምህርት ቤት ቡድን ጋር አያምታቱ፤ ክለብ ከብዙ ትምህርት ቤት የተውጣጡ ልጆች ስብስብ ነው፣ ስለ አንድ ትምህርት ቤት የሚናገረው የለም። ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ግን ውድድሩ ላይ የገቡትን ቡድኖች ብቻ መመዝገብ ነው። በሩጫ የሚጫወት ትምህርት ቤት ማጣሪያውን ሊዘለው ይችላል፤ በዚያ ምክንያት ከሰንጠረዡ ይወጣና ሰመር ሳይጫወት ሲዝኑን ያሸነፈው ቡድን ከስሌቱ ይጠፋል። እሱን ካላስገቡት ሰመሩ ከሆነው በላይ ትንቢተኛ ይመስላል።

ሰመሩ ራሱ ብዙ ድንገተኛ ነገር አለበት። አንድ ቡድን በምድቡ የሚጫወተው በጣት የሚቆጠር አጭር ጨዋታ ነው፤ ሁለት የተጠለፉ ኳሶች ውጤቱን ይገለብጡታል። አሰልጣኙ ሁለት ኳርተርባኮችን እያፈራረቀ ሊሞክር፣ ዋናዎቹን ፕሌዮች ደብቆ አራት አምስት ተራ ፕሌዮችን ብቻ ሊያስጫውት ይችላል። በቴክሳስ ለረጅም ዓመታት የትምህርት ቤት አሰልጣኞች የ7 ለ 7 ቡድናቸውን እንዳይመሩ ተከልክለው ስለነበር፣ የቆየ መረጃ የሚሰበስብ ሰው የዚያን ዘመን ውጤት የአንድ ተጫዋች አባት ወይም የቀድሞ ተጫዋች የመራው ቡድን ውጤት አድርጎ ቢያየው ይሻላል። ምርጥ ልጆች ደግሞ ቤዝቦልም፣ ቅርጫት ኳስም ይጫወታሉ። ዝነኛው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ ቴክሳስ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ በ2014 የቤዝቦሉ ዲትሮይት ታይገርስ መርጦት ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቡድን አንድ ቅዳሜ ኳርተርባኩን አጥቶ ቢሸነፍ ሽንፈቱ ስለ ሲዝኑ ምንም አይልም። ከሊጉ በፊት የሚደረገውን የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ የተከታተለ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ አሰልጣኙ ማንን ሊያይ እንደገባ ሳያውቁ ውጤቱን ማንበብ ያሳስታል።

ከውጤቱ ይልቅ የሚታየው

ታዲያ ሰመር ላይ ሜዳ የሚገኝ ሰው ምን ይመልከት? የስልክዎን ሰዓት ይያዙ። ኳሷ ከመሬት ስትነሳ ይጀምሩ፣ ከኳርተርባኩ እጅ ስትወጣ ያቁሙ። እያንዳንዱን ውርወራ ከ3 ሰከንድ በታችና በላይ ብለው በሁለት ዓምድ ይመዝግቡ፣ ተይዞ ከሆነ ምልክት ያድርጉ። ለምሳሌ ከ30 ውርወራ 21 ተይዟል እንበል፤ 70 በመቶ፣ አኩሪ ቁጥር ነው። ግን ከ3 ሰከንድ በፊት ከተወረወሩት 14ቱ የተያዙት 8 ቢሆኑ፣ ቆይተው ከተወረወሩት 16ቱ ደግሞ 13 ቢያዙ፣ የዚህ ልጅ ለሲዝኑ የሚሆን ቁጥሩ 57 በመቶ ነው። ቆይተው የተወረወሩት አብዛኞቹ በሲዝኑ ወይ በሳክ (ኳርተርባኩ ኳስ እንደያዘ በመጣሉ) ያልቃሉ ወይ በችኮላ ይጣላሉ።

ሁለተኛው ዓይን የሚጣልበት ቦታ ኳሷ የደረሰችበት ነጥብ ነው። ተቀባዩ ሳይቆም፣ ሳይዞር፣ ሩጫው ላይ እንዳለ ደረቱ ፊት ከደረሰችው ሁለቱ ልጆች ተግባብተዋል። ይህ መግባባት በሰመር የሚሠራ እውነተኛ ሀብት ነው፤ በተለይ አዲስ ኳርተርባክ የሚያስገባና ሜዳውን ዘርግቶ የሚወረውር ቡድን ላይ የሰመሩ ውድድር ከአምናው ሰንጠረዥ የማይገኝ መረጃ ይሰጣል። ለ7 ለ 7 ሚዛን የምንሰጠው እዚህ ላይ ነው።

በመከላከል በኩል ኮርነርባኮቹን (ተቀባዮችን የሚጠብቁትን የጎን ተከላካዮች) ይከታተሉ፦ ተቀባዩ አቅጣጫ ሲቀይር ወገባቸውን አዙረው ለመከተል ስንት እርምጃ ይፈጅባቸዋል? ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ሴፍቲዎቹ ይነጋገራሉ? ሁለት ተቀባዮች ሲተላለፉ «የኔ፣ ያንተ» ተባብለው ይቀያየራሉ ወይስ ሁለቱም አንዱን ይከተላሉ? እነዚህ ነገሮች ከጁን ወደ ኖቬምበር ይሻገራሉ። ሌላው ስንት ልጅ እንደመጣ ነው። በሰመር ሙቀት ሳይገደድ 30 ልጅ የሚያሰልፍ ፕሮግራምና 9 ልጅ ይዞ የሚመጣ ፕሮግራም በውድድሩ እኩል ቢጨርሱም በሲዝኑ እኩል አይሆኑም፤ በጉዳት የሚጎድለውን የሚሞላው ተጠባባቂው ነው።

ሰመሩ ለመስመር ተጫዋቾች የሚሰጠው ቦታ ግን ያሳዝነናል። ተቀባዮቹ በየሳምንቱ ሲጫወቱ፣ ሲቀረጹና ሲጨበጨብላቸው፣ ትልልቆቹ ልጆች ብዙ ቦታ ቤት ይቀራሉ። አንዳንድ ውድድሮች ጎማ መገልበጥ፣ ተንሸራታች ብረት መግፋትና ገመድ ጉተታ ያለበት የላይንማን (የመስመር ተጫዋች) ውድድር አብረው ያዘጋጃሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን አጠገብ ካለው ልጅ ጋር እኩል እርምጃ መነሳትን አያስተምርም። የጤናም ጉዳይ አለበት። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ በስፖርት ምክንያት በሚመጣው ከባድ የሙቀት ምት የበለጠ የሚጎዱትም ክብደት ያላቸው የመስመር ልጆች ናቸው። ጁንና ጁላይን በማቀዝቀዣ ሥር አሳልፎ በኦገስት የመጀመሪያ ቀን ልምምድ ላይ የሚመጣ ትልቅ ልጅ ለራሱ አደጋ ውስጥ ነው፣ ቡድኑም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስመሩን እያጎደለ ይጫወታል። ልጃችሁ ላይንማን ከሆነ ለጉዞ ውድድር ከምታወጡት ይልቅ በሳምንት ሦስት አራት ቀን በጠዋቱ የትምህርት ቤቱ የክብደትና የሩጫ ልምምድ ላይ መገኘቱን አረጋግጡ።

ቡድኑን በሰመር ለመገመት የሚፈልግ ሰው ከዋንጫው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ አምና ከተሰለፉት 5 የማጥቃት መስመር ልጆች ስንቱ ተመለሱ? ሴንተሩና ኳርተርባኩ የማያየውን ጎን የሚጠብቀው የመስመሩ ዳር ተጫዋች (እሱም ታክል ይባላል) ካሉ ሦስትም ይበቃል፤ ሁለቱም ከሄዱ የ7 ለ 7 ዋንጫ ያንን ቀዳዳ አይደፍነውም። ሁለተኛ፣ ቡድኑ ከ10 ፕሌይ ስንቱን ይሮጣል? 6ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሰመሩ ውጤት የሚገልጸው የጨዋታውን ትንሽ ክፍል ነው።

ከዚያ ኦገስት ላይ፣ ሲዝኑ ከመከፈቱ በፊት የሚደረገውን ሙሉ ትጥቅ ያለውን የ11 ለ 11 ስክሪሜጅ (የልምምድ ግጥሚያ) ሄዶ ማየት ነው። የመጀመሪያዎቹን 20 ፕሌዮች ኳሷን ሳይከተሉ መስመሩን ብቻ ይመልከቱ፦ ኳሷ ከተነሳች ከ1 ሰከንድ በኋላ የማጥቃት መስመሩ ከመነሻው ወደፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ? በእያንዳንዱ ፕሌይ «ፊት» ወይም «ኋላ» ብለው ይጻፉ። ከ20ው 12 «ፊት» ያለውና በሰመር ከ3 ሰከንድ በታች ጥሩ የወረወረ ኳርተርባክ ያለው ቡድን የሰመር ዋንጫ ባይኖረውም በዲስትሪክቱ ይፎካከራል። ሁለቱ መዝገቦች ከተቃረኑ፣ ሰመሩ «ጎበዝ» ያለውን ስክሪሜጁ «ኋላ፣ ኋላ፣ ኋላ» ካለው፣ የስክሪሜጁን ይያዙ።